ከአንድ መጽሐፍ የተወለዱ ሥራዎች፤ ፕሮፌሰር ዶናልድ ክኑዝ እንደ መምህር፣ እንደ ተመራማሪና እንደ አገልጋይ

በዩኒቨርሲቲ የሚሠራ መምህር ሥራው በሦስት ይከፈላል፤ ማስተማር፣ መመራመርና ኅብረተሰብን ማገልገል። ይህ አከፋፈል በአገራችንም ሆነ በሌሎች አገሮች የተለመደ ነው። የማዕረግ ዕድገት ሲጠየቅ ለእያንዳንዱ ነጥብ ይሰጣል፣ ነጥቦቹም ይደመራሉ። ተማሪዎች ግን ከሦስቱ በግልጽ የሚያዩት አንዱን ብቻ ነው፤ ይኸውም ሰሌዳ ፊት የቆመውን ሰው። መምህሩ የቀረውን ሰዓት በምን እንደሚያሳልፈው ብዙዎቹ አያውቁም። አንዳንዴም ምርምሩ የማስተማሪያውን ጊዜ ይሻማል የሚል ቅሬታ ይሰማል፤ ቅሬታውም ሁልጊዜ መሠረተ ቢስ ነው ለማለት አንደፍርም።

በዚህ ጽሑፍ ሦስቱ ሥራዎች በነጥብ መስጫ ቅጽ ላይ እንደሚታዩት የተነጣጠሉ አለመሆናቸውን በአንድ ሰው ታሪክ ለማሳየት እንሞክራለን። ሰውየው በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ሳይንስ ፕሮፌሰር የነበሩት ዶናልድ ክኑዝ ናቸው። እርሳቸውን የመረጥንበት ምክንያት ዝናቸው ብቻ አይደለም። የእርሳቸውን ሥራ ከምንጩ ተከትሎ የሚሄድ ሰው አንዲት የማስተማሪያ መጽሐፍ ምርምር ስትወልድ፣ የመጽሐፏ ኅትመት ደግሞ አገልግሎት ሲወልድ፣ አገልግሎቱም መልሶ ምርምር ሲሆን በዓይኑ ያያል። (በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ክኑዝ በ1938 ዓ.ም. በዊስኮንሲን ክፍለ ግዛት በሚልዋኪ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የትምህርት ቤት መምህር ከመሆናቸውም በላይ በቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ይጫወቱ ነበር። ልጅየው ክሊቭላንድ ወደሚገኘው የኬዝ የቴክኖሎጂ ተቋም ሲገቡ ሊያጠኑ ያሰቡት ፊዚክስ ነበር፤ በኋላ ግን ወደ ሂሳብ ተዛወሩ። እኛ የፊዚክስ ሰዎች ይህን ስናነብ ቅር ማለታችን አልቀረም። በዚያው ተቋም አይቢኤም 650 የሚባል ኮምፒዩተር ነበር፤ ወጣቱ ተማሪ ፕሮግራም መጻፍ የተማሩት በዚህ መኪና ላይ ነው። በ1960 የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን ዲግሪ በአንድ ጊዜ ተቀበሉ፤ በ1963 ደግሞ በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም በሂሳብ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አገኙ። የዶክትሬት ጽሑፋቸው ስለ ረቂቅ አልጀብራና ስለ ጂኦሜትሪ እንጂ ስለ ኮምፒዩተር አልነበረም።

የታሪኩ መነሻ በ1962 መጀመሪያ ላይ ነው። ክኑዝ ገና የ24 ዓመት የዶክትሬት ተማሪ ሳሉ አንድ አሳታሚ ድርጅት ስለ ኮምፓይለር መጽሐፍ እንዲጽፉለት ጠየቃቸው። ኮምፓይለር ማለት ሰው በሚረዳው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈውን መኪናው ወደሚረዳው የሚመልስ ፕሮግራም ነው። ወጣቱ ደስ ብሏቸው 12 ምዕራፎችን ነደፉ። ነገር ግን የኮምፒዩተር ሳይንስ በዚያን ጊዜ ገና ቅርጽ ያልያዘ ዕውቀት ነበር፤ ዘዴዎቹ በየመጽሔቱና በየኩባንያው መዝገብ ተበታትነዋል፣ አንዱ የጻፈውን ሌላው አያውቅም፣ ትክክል የሆነውና ያልሆነው አልተለየም። ይህን ሁሉ ሰብስቦ ማበጠር ግድ ሆነ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በእጅ የተጻፈው ረቂቅ 3000 ገጽ ያህል ደረሰ፤ አንዱ መጽሐፍም በሰባት ቅጽ እንዲወጣ ታቀደ። «የኮምፒዩተር ፕሮግራም አጻጻፍ ጥበብ» የተባለው ሥራ የመጀመሪያው ቅጽ በ1968፣ ሁለተኛው በ1969፣ ሦስተኛው በ1973 ታተመ።

እንግዲህ ይህ ሰው ለማስተማሪያ መጽሐፍ ብለው የሌሎችን ዘዴ በመሰብሰብ ላይ ሳሉ አንዲት ትንሽ ጥያቄ አጋጠመቻቸው። ጥያቄዋን ለአንባቢያን በምሳሌ እናቅርባት።

አንድ የሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት የተማሪዎችን ማኅደር የሚያስቀምጥባቸው ከ000 እስከ 999 የተቆጠሩ 1000 ሳጥኖች አሉት እንበል። ማኅደር በመጣ ጊዜ ጸሐፊዋ የተማሪውን የመታወቂያ ቁጥር የመጨረሻ ሦስት አኃዞች ተመልክታ ያንኑ ቁጥር በያዘው ሳጥን ታስቀምጠዋለች። የሁለት ተማሪዎች ቁጥር በተመሳሳይ አኃዞች ካለቀ ግን ሳጥኑ ተይዞ ይገኛል። ያን ጊዜ ወደሚቀጥለው ሳጥን ትሄዳለች፤ እርሱም ከተያዘ ወደ ቀጣዩ፤ ባዶ እስክታገኝ ድረስ በተርታ ትራመዳለች፤ 999 ላይ ስትደርስ ወደ 000 ትመለሳለች። ፍለጋውም በዚሁ መንገድ ነው፤ ማኅደሩን እስክታገኝ ትራመዳለች፣ ባዶ ሳጥን ላይ ከደረሰች ግን ማኅደሩ የለም ማለት ነው። ኮምፒዩተሮች መረጃን በፍጥነት ለማግኘት ከሚጠቀሙባቸው ዘዴዎች አንዱ ይኸው ነው።

ጥያቄው እንዲህ ነው፦ ጸሐፊዋ በአማካይ ስንት ሳጥን ትከፍታለች?

ለችኩል ሰው መልሱ ቀላል ይመስላል። ሳጥኖቹ በግማሽ ቢሞሉ አንድን ሳጥን ተይዞ የማግኘት ዕድል ግማሽ ነው፤ ስለዚህ ባዶ ለማግኘት በአማካይ 2 ሳጥን መክፈት ይበቃል። ዘጠኝ አሥረኛው ቢሞላ ደግሞ 10። ይህ ስሌት ግን ስሕተት ነው፤ ምክንያቱም የተያዙት ሳጥኖች በዕድል ተበትነው አይቀመጡም፣ ይቧደናሉ። ከ204 እስከ 207 ያሉት አራት ሳጥኖች በተከታታይ ተይዘዋል እንበል። አዲስ የሚመጣው ማኅደር ቁጥሩ 204፣ 205፣ 206፣ 207 ወይም 208 ቢሆን ማረፊያው ያው 208 ነው። በግራው ጎረቤት የሌለው ባዶ ሳጥን አንድ ዕድል ብቻ ሲኖረው 208 አምስት ዕድል አለው ማለት ነው። ረጅሙ ሰልፍ ይበልጥ የመርዘም ዕድል አለው፤ ሁለት ሰልፎች ሲገናኙም አንድ ትልቅ ሰልፍ ይሆናሉ። የመኪና መጨናነቅን አይቶ የሚያውቅ የከተማ ሰው ነገሩን ያለ ቀመር ይረዳዋል።

በሙከራ የተረዳውን ነገር በቀመር ማረጋገጥ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ክኑዝ በ1962 ጥያቄውን ይዘው ተቀመጡ፤ መልሱንም በሐምሌ ወር 1963 በተጻፈች አጭር ማስታወሻ አሰፈሩ። ሳጥኖቹ እጅግ ብዙ ሲሆኑ ውጤቱ ይህን ይመስላል፦ የባዶ ሳጥኖችን ድርሻ ውሰድ፤ አንድን ለዚህ ድርሻ ካሬ አካፍል፤ አንድ ደምርበት፤ ለሁለት አካፍለው። የሌለን ማኅደር ለመፈለግ (ወይም አዲስ ለማስገባት) የሚከፈቱት ሳጥኖች አማካይ ቁጥር ይኸው ነው። ግማሹ ባዶ ከሆነ የግማሽ ካሬ ሩብ ነው፤ አንድ ለሩብ ሲካፈል 4፣ አንድ ሲደመር 5፣ ለሁለት ሲካፈል 2.5። አንድ አምስተኛው ብቻ ባዶ ከሆነ 13። አንድ አሥረኛው ብቻ ባዶ ከሆነ 50.5! የችኩሉ ሰው ስሌት የሰጠው 10 ነበር። ያለን ማኅደር ለማግኘት ቀመሩ ካሬ የለበትም፤ ስለዚህ ነገሩ ቀለል ይላል፣ ዘጠኝ አሥረኛው በሞላ ጊዜ እንኳ 5.5 ብቻ ነው።

በፊዚክስ ትምህርት ስለ ወሳኝ ነጥብ የተማሩ ተማሪዎች በዚህ ቀመር ውስጥ የሚያውቁትን ነገር ያዩ ይሆናል። የባዶው ድርሻ ወደ ዜሮ ሲጠጋ አማካዩ ዝም ብሎ አያድግም፣ በድርሻው ካሬ ግልባጭ ይፈነዳል። ለመሐንዲሱም ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ሳጥኖችህን ጥርቅም አድርገህ አትሙላ፣ ጥቂት ቦታ ማባከን ብዙ ጊዜ ያተርፋል።

ክኑዝ ይህች ቀን የሕይወታቸውን አቅጣጫ እንደ ለወጠች በኋላ ደጋግመው ተናግረዋል። ለመጽሐፉ አንድ አንቀጽ ለመጻፍ የተጀመረው ስሌት የምርምር መስክ ሆነ፤ ይኸውም አንድ አልጎሪዝም (ስልተ ቀመር) ሥራውን ለመፈጸም ምን ያህል እርምጃ እንደሚያስፈልገው በሂሳብ መተንተን ነው። ከዚያ በፊት ሰዎች «የእኔ ፕሮግራም ከአንተው ይፈጥናል» እየተባባሉ በየመኪናቸው ላይ ይሟገቱ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ክርክሩ በወረቀትና በእርሳስ የሚፈታ ሆነ። ስለ ፕሮግራም ቋንቋዎች ሰዋስው በ1965 ያወጡት ጥናታዊ ጽሑፍም ከዚያው ከኮምፓይለሩ መጽሐፍ ዝግጅት ጋር የተያያዘ ነው። በ1974፣ ሦስት ቅጾች ከታተሙ በኋላ፣ በኮምፒዩተር ሳይንስ ከፍተኛው የሆነውን የቱሪንግ ሽልማት ተቀበሉ።

ስለ ማስተማራቸው ስንናገር ከመልመጃዎቻቸው እንጀምር። በመጽሐፉ ውስጥ እያንዳንዱ መልመጃ ከ0 እስከ 50 የሚደርስ የክብደት ቁጥር አለው። 10 የተሰጠው በአንድ ደቂቃ የሚሠራ ነው፤ 20 የተሰጠው ሩብ ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ 40 ለአንድ ወሰነ ትምህርት የሚበቃ ሥራ ነው፤ 50 ማንም ያልፈታው የምርምር ጥያቄ ነው። በመጀመሪያው እትም ከ300 ዓመት በላይ ሳይፈታ የቆየው የፌርማ የመጨረሻ ቲዎረም 50 ተሰጥቶት ከመልመጃዎቹ መካከል ተቀምጦ ነበር! የእንግሊዛዊው የአንድሩ ዋይልስ ማረጋገጫ በ1995 ከታተመ በኋላ ግን በአዲሱ እትም ክብደቱ ወደ 45 ዝቅ ተደረገ። ቀልድ ቢመስልም በውስጡ ቁም ነገር አለ። ተማሪው ከቀላሉ መልመጃ ተነሥቶ ማንም ወዳልደረሰበት ጠርዝ የሚወስደው አንድ መንገድ እንደሆነ፣ መምህሩና ተመራማሪው የሚቀመጡት በዚያው መንገድ ላይ እንደሆነ ያያል። የመልመጃዎቹ መልሶችም በመጽሐፉ መጨረሻ ይገኛሉ፤ አንዳንዶቹ መልሶች ራሳቸውን የቻሉ ጥናቶች ናቸው።

በስታንፎርድ ከ1970 ጀምሮ ያስተማሩት አንድ የሂሳብ ትምህርት ነበር፤ ለአልጎሪዝም ትንተና የሚያስፈልገውን ሂሳብ የሚሰጥ ነው። ትምህርቱ በ1989 ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር መጽሐፍ ሆኖ ታተመ፤ መጽሐፉን ያየ ሰው መጀመሪያ የሚገርመው በየገጹ ኅዳግ ላይ ተማሪዎች የጻፏቸው አስተያየቶች፣ ቀልዶችና ማጉረምረሞች አብረው መታተማቸው ነው። በዶክትሬት ደረጃ ያሠለጠኗቸው ተማሪዎች 28 ናቸው። ከእነርሱ አንዱ ሮበርት ሴጅዊክ በ1975 የመደርደሪያ ስልት ስለሆነው ኩዊክሶርት የዶክትሬት ጽሑፉን አቀረበ፤ ሴጅዊክ በበኩሉ የጻፋቸው የአልጎሪዝም መጻሕፍት ዛሬ በብዙ አገር ዩኒቨርሲቲዎች ያገለግላሉ።

አሁን ወደ ሦስተኛው ሥራ፣ ወደ አገልግሎቱ፣ እንምጣ። ይህም ከዚያው መጽሐፍ ወጣ፤ የወጣው ግን በንዴት ነው።

የመጀመሪያዎቹ ቅጾች የታተሙት በጥንቱ መንገድ፣ በቀለጠ እርሳስ ፊደል እየቀረጸ በሚደረድረው የሞኖታይፕ መኪና ነበር። የሂሳብ ቀመሮች በዚያ መኪና ሲለቀሙ ለዓይን ያምራሉ፤ ሥራው ግን ረቂቅ ሙያ ይጠይቃል። በ1970ዎቹ ባለሙያዎቹ እየጠፉ፣ መኪናዎቹም በፎቶግራፍ ዘዴ በሚሠሩ እየተተኩ ሄዱ። በ1977 የሁለተኛው ቅጽ ሁለተኛ እትም የማረሚያ ናሙና ሲደርሳቸው ክኑዝ ባዩት ነገር አዘኑ። ፊደሎቹ አልተመጣጠኑም፣ ቀመሮቹ ተበላሽተዋል። በዚያው ዓመት በዲጂታል መሣሪያ የተዘጋጀ የሌላ መጽሐፍ ናሙናም አይተው ነበር። በዚያ መሣሪያ አንድ ገጽ ማለት ቀለም ያለባቸውና የሌለባቸው እጅግ ጥቃቅን ነጥቦች፣ ማለትም የ1 እና የ0 ሰንጠረዥ ነው። ስለ 1 እና ስለ 0 ደግሞ የኮምፒዩተር ሳይንስ ሰው ያገባዋል። ስለዚህ የመጽሐፉን ሥራ ለጊዜው አቁመው ገጽ የሚያዘጋጅ ፕሮግራም መጻፍ ጀመሩ። የፕሮግራሙን ስም ጥበብ ከሚለው የግሪክ ቃል ወስደው ቴኽ አሉት። የመጨረሻው ፊደል የግሪኩ ኺ ነው፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ይህን ድምፅ ማውጣት ስለሚቸግራቸው «ቴክ» ይላሉ፣ እኛ ግን ኸ ስላለን አይቸግረንም።

አንድ አንቀጽ በመስመሮች እንዴት ይከፈላል? ቀላሉ ዘዴ የመጀመሪያውን መስመር እስኪጠግብ ሞልቶ ወደ ሁለተኛው ማለፍ፣ እንዲህ እያለ መቀጠል ነው። ችግሩ የፊተኛው መስመር ለራሱ ብቻ አስቦ በመሙላቱ አራተኛው ወይም አምስተኛው መስመር በረጃጅም ቃላት ተይዞ፣ በቃላቱ መካከል ሰፋፊ ክፍተት ይፈጠራል። ክኑዝ ከተማሪያቸው ከማይክል ፕላስ ጋር በ1981 ባወጡት ጽሑፍ አንቀጹን እንደ አንድ ነገር ተመለከቱት። በቃላት መካከል ያለውን ክፍተት እንደ ሞላ (ስፕሪንግ) አስቡት፤ የተፈጥሮ ርዝመት አለው፣ ይለጠጣል፣ ይጨመቃል። መስመሩ የግድ ከኅዳግ እስከ ኅዳግ መድረስ ስላለበት ሞላዎቹ ይወጠራሉ፤ ውጥረቱ በበዛ መጠን የመስመሩ «ክፋት» ይጨምራል። የፊዚክስ ተማሪ የሞላ ጉልበት በልጠቱ ካሬ እንደሚያድግ ያውቃል። ክኑዝ ግን ክፋቱን በልጠቱ ኩብ እንዲያድግ አድርገዋል፤ ሁለት እጥፍ የተለጠጠ መስመር 8 እጥፍ ይከፋል። ዓላማቸው የተፈጥሮን ሕግ መግለጽ ሳይሆን ለዓይን የሚከፋውን መቅጣት ስለነበረ አንወቅሳቸውም። ከዚያ በኋላ የሚፈለገው የአንቀጹን ጠቅላላ ቅጣት ዝቅተኛ የሚያደርገው አከፋፈል ነው።

በአንድ አንቀጽ ውስጥ መስመር ሊቆረጥባቸው የሚችሉ 100 ቦታዎች ቢኖሩ፣ በእያንዳንዱ ቦታ መቁረጥ ወይም አለመቁረጥ ስለሚቻል የአከፋፈሉ ዓይነት 2 በ100 ጊዜ ራሱን ሲያባዛ የሚገኘው ባለ 31 አኃዝ ቁጥር ነው። ሁሉን መሞከር አይቻልም። መፍትሔው እንዲህ ባለ አስተሳሰብ ይገኛል፦ ከአዲስ አበባ ወደ ጎንደር የሚያደርሰው አጭሩ መንገድ በባሕር ዳር የሚያልፍ ከሆነ፣ እስከ ባሕር ዳር ያለው ክፍሉም ወደ ባሕር ዳር ከሚወስዱት መንገዶች ሁሉ አጭሩ መሆን አለበት፤ አለዚያ እርሱን በአጭሩ ተክተን ሙሉውን ጉዞ ማሳጠር በቻልን ነበር። እንደዚሁም ኮምፒዩተሩ ለእያንዳንዱ መቁረጫ ቦታ እስከዚያ የሚያደርሰውን ምርጥ አከፋፈል ብቻ ካስታወሰ ይበቃዋል፤ የቀሩትን ሊረሳቸው ይችላል። ያ ባለ 31 አኃዝ ሥራ በጥቂት ሺህ እርምጃዎች ይፈጸማል። ቃላትን በመስመር መጨረሻ ላይ የት መቁረጥ እንደሚገባም ሌላው ተማሪያቸው ፍራንክ ሊያንግ አጠና፤ በ1983 የዶክትሬት ጽሑፉ ሆነ። የማተሚያ ቤት ችግር ለመፍታት የተጀመረ አገልግሎት እንዲህ አድርጎ ዶክተሮችን አፈራ።

እዚህ ላይ የራሳችንን ጽሕፈት ማንሣት ተገቢ ነው። በብራና መጻሕፍታችን ጸሐፊው የመስመሩ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ቃሉን በየትኛውም ፊደል ቆርጦ ወደሚቀጥለው መስመር ሊያልፍ ይችላል፤ የቃሉን ዳርቻ የሚያሳዩት ሁለት ነጥቦች ስለሆኑ አንባቢው አይሳሳትም። ስለዚህ የላቲን ጽሕፈትን ያስቸገረው የሞላ ውጥረት እኛ ዘንድ እምብዛም አልነበረም። ሁለት ነጥብን ትተን ቃላትን በባዶ ክፍተት መለየት ስንጀምር ችግሩን አብረን ወሰድነው። ቴኽም ወደ ፊደላችን መምጣቱ አልቀረም፤ በ1990ዎቹ በጀርመን ሀምቡርግ አንድ ኢትዮጵያዊ ከጀርመናውያን ባልደረቦች ጋር ሆኖ ኢትዮፕ የተባለውን የአማርኛ ማዘጋጃ አቀረበ። ፊደሎቹ የተነደፉት ክኑዝ ከቴኽ ጋር በሠሩት ሜታፎንት በተባለው የፊደል መንደፊያ ነበር። ዛሬ ዩኒኮድን የሚቀበሉ የቴኽ ዝርያዎች ስላሉ አማርኛ መጻፍ ቀሏል። እኛ ራሳችን በውጭ አገር የዶክትሬት ጽሑፋችንን ያዘጋጀነው በቴኽ ነበር፤ ያን ሁሉ ወራት ስንጠቀምበት ሠሪው የራሱን የማስተማሪያ መጽሐፍ ለማሳመር የተነሣ መምህር መሆኑን አናውቅም ነበር።

ክኑዝ ቴኽን ያለ ክፍያ ለሕዝብ ሰጡት፤ የጠየቁት የተለወጠ ፕሮግራም በዚያው ስም እንዳይጠራ ብቻ ነው። የፕሮግራሙ የእትም ቁጥር በታረመ ቁጥር አንድ አኃዝ እየጨመረ ወደ ፓይ ይጠጋል፤ በ2021 የወጣው እትም 3.141592653 ነው። በመጽሐፎቻቸው ውስጥ ስሕተት ላገኘ አንባቢ ለእያንዳንዱ 2 ዶላር ከ56 ሳንቲም በቼክ ይልኩ ነበር፤ 256 በአሥራ ስድስት ቤት አቆጣጠር «100» ተብሎ ይጻፋልና። በቴኽ ውስጥ ለሚገኝ ስሕተት ክፍያው በየዓመቱ እየተጠፈ 327 ዶላር ከ68 ሳንቲም ደርሶ ቆመ። ቼኩን የተቀበሉ ብዙዎች ወደ ባንክ ከመውሰድ ይልቅ በመስታወት አስገብተው ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። በ2008 በባንክ ማጭበርበር ምክንያት እውነተኛ ቼክ መላክ ቢቀርም የምስክር ወረቀት ተተክቷል። ከዚህም አልፈው በ1989 ቴኽን ሲሠሩ የፈጸሟቸውን ስሕተቶች በዓይነት በዓይነታቸው ለይተው በአንድ ጥናታዊ ጽሑፍ አሳተሙ። የራሱን ስሕተት ዘርዝሮ ያሳተመ ሳይንቲስት ስንት ይገኛል?

በእኛ ዘንድ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በሚባዛው የማስተማሪያ ጽሑፋችን ውስጥ ስሕተት ላገኘ ተማሪ አንድ ብር መክፈል ጀምረናል። መጀመሪያ ላይ ማንም አልመጣም፤ ተማሪዎቹ መምህርን ማረም ነውር መስሏቸው ነበር። አንዲት ተማሪ በኃይል ማስላት ላይ የምልክት ስሕተት አግኝታ ከተከፈላት በኋላ ግን በሩ ተከፈተ፣ ከኪሳችንም ጥቂት የማይባል ብር ወጣ። ጽሑፉ አሁን የተሻለ ነው።

ከአገልግሎቱ አንድ ሌላ ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም፤ ቤተ መጻሕፍታችንን ይመለከታልና። ክኑዝ ከአንድ ባልደረባቸው ጋር በ1980 ያቋቋሙት የአልጎሪዝም የምርምር መጽሔት ነበር። ጽሑፎቹን የሚጽፉት ተመራማሪዎች፣ የሚገመግሙትም ተመራማሪዎች ናቸው፤ ለሁለቱም ሥራ አሳታሚው አይከፍልም። ይሁንና የመጽሔቱ ዋጋ ከዓመት ወደ ዓመት እየናረ ሄደ። በ2003 ክኑዝ ለአዘጋጅ ቦርዱ አባላት ረጅም ደብዳቤ ጻፉ፤ የአንዱን ገጽ ዋጋ ከሌሎች መጽሔቶች ጋር እያነጻጸሩ፣ እንደ ልማዳቸው በቁጥር አስረዱ። ቦርዱም በአንድነት ሥራውን ለቀቀ፣ በአሜሪካ የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ማኅበር ሥር አዲስ መጽሔት ተመሠረተ። የውጭ ምንዛሪ ለሌለው ቤተ መጻሕፍት ተማሪ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ከአንድ ቲዎረም አያንስም።

ይህ ሁሉ ግን ያለ ዋጋ አልተገኘም። ቴኽ በጥቂት ወራት ያልቃል ተብሎ ተጀምሮ አሥር ዓመት ያህል ፈጀ። ሦስተኛው ቅጽ በ1973 ከወጣ በኋላ የአራተኛው የመጀመሪያ ክፍል የታተመው በ2011 ነው፤ 38 ዓመት! በእርግጥ የዘገየው በቴኽ ብቻ አይደለም፤ በዚያ መካከል መስኩ ራሱ ሰፍቶ አንዱ ቅጽ ብዙ ክፍል ሆኗል። ክኑዝ ጊዜ ለማትረፍ በ1990 የኤሌክትሮኒክ መልእክት መጠቀም አቆሙ፤ በ1993 በ55 ዓመታቸው ጡረታ ወጡ፤ የወጡትም ለማረፍ ሳይሆን መጽሐፉን ለመጻፍ ነው። የአራተኛው ቅጽ ሁለተኛ ክፍል በ2022 ታተመ፤ ከታቀዱት ሰባት ቅጾች አምስተኛው፣ ስድስተኛውና ሰባተኛው አልወጡም። አሥሩ ዓመት በመጽሐፉ ላይ ቢውል ይሻል ነበር ወይስ በቴኽ? የኮምፒዩተር ሳይንስ ባልደረቦቻችን የመጀመሪያውን ይመርጡ ይሆናል። እኛ ቀመር የምንጽፍ ሰዎች ግን ፍርዳችን ያደላ መሆኑን እያወቅን ሁለተኛውን እንመርጣለን።

ስለ ክኑዝ ጽፎ መልመጃ አለመስጠት ስለማይሆን አንዲት እነሆ፤ ክብደቷ በእርሳቸው ሚዛን 20 ያህል ነው። የሬጅስትራሩ ሳጥኖች 4 ብቻ ናቸው፤ ከመጨረሻው ቀጥሎ የመጀመሪያው ይመጣል። ሁለት ማኅደሮች ከላይ በተነገረው ደንብ ገብተዋል፤ ቁጥሮቻቸው በዕድል የወጡ ናቸው። ሦስተኛውን ለማስገባት በአማካይ ስንት ሳጥን ይከፈታል? ግማሹ ባዶ ስለሆነ ቀመሩ 2.5 ይላል፤ ትክክለኛው መልስ ግን 27 ለ16 ሲካፈል፣ ማለትም 1.7 ገደማ ነው። መልሱን በራስህ ድረስበት፤ ከዚያም ቀመሩ ለምን አበዛው ብለህ ጠይቅ።